ቬጋስ ሥራ ለምትጀምር ልጅ

ልጄ፣ ላስ ቬጋስ ገብተሽ ሆቴል ልትቀጠሪ ነው መባሉን ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለሽ። ስለ መብራቱና ስለ ፎቁ ሌሎች ነግረውሻል፤ እኔ የምነግርሽ ስለ ሲኒየሪቲ ነው። በስንት ሰዓት እንደምትገቢ፣ በየትኛው ቀን እንደምታርፊ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ማን ተሰናብቶ ማን እንደሚቀር የሚወሰነው ማን ቀድሞ ተቀጠረ ተብሎ ነው። የዕድሜ ታላቅነት እዚያ አይሠራም። ልጅሽ የምትሆን ልጅ ቀድማሽ ከተቀጠረች ሽፍት የምትመርጠው እሷ ናት።

መጀመሪያ የሚሰጡሽ ኦን ኮል ነው። ሲደወል ትሄጃለሽ፣ ካልተደወለ ቤትሽ ትውያለሽ። ያን ጊዜ አንዷ ጓደኛሽ «እዚያ ማዶ ዶላር ጨምረው ይቀጥራሉ» ብላ ትመጣለች። አትሂጂ። ማዶ ያለው ዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር፣ የሌለበት ሆቴል ከሆነ የጨመሩልሽን ዶላር የሕክምና ኢንሹራንሱ ይበላዋል፤ ዩኒየን ያለበት ቢሆንም ተመልሰሽ ከሰልፉ ጭራ ነሽ። አንዱን ቤት ያዢና ሰንብቺበት። በዚያ መሐል ሥራ የማይጠሩሽን ቀን በከንቱ አታሳልፊው። የከሊነሪ አካዳሚ የሚባል፣ ዩኒየኑና ሆቴሎቹ በጋራ በፈረንጆቹ 1993 ያቋቋሙት ማሠልጠኛ አለ። አልጋ ከማንጠፍ ወደ መስተንግዶ ወይ ወደ ኩሽና መሻገር የምትፈልግ ሴት መንገዷ በዚያ ነው።

ዩኒየኑ ከሊነሪ፣ ሎካል 226 ይባላል። 60,000 ገደማ አባላት አሉት፤ ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። በኔቫዳ ሕግ አባል ሁኚ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። መዋጮዋን ለማትረፍ ብለው የማይገቡ የእኛ ልጆች አሉ፤ እኔ ግን ሌላው የታገለበትን በነጻ መብላት ነው የምለው። ሃቲ ካንቲ የምትባል ከአላባማ የመጣች ጥቁር ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት፣ አሥር ልጆች ያሏት፣ እንዳንቺው የሆቴል ክፍል ታጸዳ የነበረች ናት። በ1990 የዚያ ዩኒየን ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። በሚቀጥለው ዓመት ፍሮንቲየር በሚባለው ሆቴል 550 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ እስከ 1998 ድረስ፣ ከስድስት ዓመት በላይ፣ በዚያ ፀሐይ በሩ ላይ ተሰልፈው ሲቆሙ ከመካከላቸው አንድም ሰው ሰልፉን ጥሶ ሥራ አልገባም። ዛሬ ከደመወዝሽ ሳይቆረጥ የምትታከሚበት ካርድ በሎተሪ አልመጣም።

ጋሪሽን ስትገፊ የምትይዢው የአደጋ መጥሪያ ቁልፍም እንዲሁ ነው፤ በ2018ቱ ውል የተገኘ ነው። ክፍል ውስጥ ብቻሽን ሆነሽ እንግዳው ፎጣ ብቻ አገልድሞ በሩን ሲዘጋብሽ ቁልፉን ተጫኚ። ይሉኝታ እዚያ ቦታ የለውም። በ2023ቱ ውል ደግሞ ክፍል በየቀኑ እንዲጸዳ ተስማሙ። ይሄ ሥራ የሚያበዛብሽ ሊመስልሽ ይችላል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሦስት ቀን ያልተነካ ክፍል ስትከፍቺ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው መጠጥ ደርቆ፣ የገላ መታጠቢያው ሳሙና ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሻል፤ የሚሰጥሽ ደቂቃ ግን ያው ነው። በዚያ ላይ የሚጸዳው ክፍል ሲያንስ መጀመሪያ ስልክ የማይደወልላት ኦን ኮሏ ናት።

አሁን ስለ ወገብሽ። የትልቁን አልጋ አንሶላ ስትከቺ ከወገብሽ አትጎንበሺ፤ በአንድ ጉልበትሽ ተንበርክከሽ የፍራሹን ጥግ በሁለት እጅ አንሺው። አንሶላውንም በአልጋው ላይ ተንጠራርተሽ አትሳቢው፤ ዞረሽ ሂጂ። ዞሮ መሄዱ ጊዜ የሚፈጅ ይመስላል። በሃምሳ ዓመታቸው ትከሻቸውን ማንሳት ያቃታቸው እነዚያ «ቀልጣፋ» የተባሉት ናቸው። ከተጎዳሽ ያኔውኑ ለሱፐርቫይዘርሽ ተናግረሽ በጽሑፍ አስይዢ። «ነገ ይሻለኛል» ብለሽ ካደርሽ ሥራ ላይ መጎዳትሽን ማስረዳት ያስቸግርሻል።

ሙቀቱን በጨዋታ አትመልከቺው። በ2024 ሐምሌ መባቻ 48.9 ዲግሪ ደርሷል፤ ከተማዋ ከዚያ በላይ መዝግባ አታውቅም። የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ውሃ ሳትይዢ አትቁሚ፤ ልጆችሽንም ቀትር ላይ በባዶ እግራቸው አስፋልት አታስረግጪ፣ ይቃጠላሉ።

የልጅ ነገር ሲነሳ፣ በአንዳንድ የእኛ ሰው ቤት ባል ሌሊት ታክሲ እየነዳ ሚስት ጠዋት ትገባለች፤ በር ላይ ቁልፍ ተቀባብለው ይተላለፋሉ። ለሞግዚት አይከፍሉም፤ ግን ዓመት ሙሉ አብረው አይበሉም። አንድ ዓመት ይቻላል። ከዚያ ሲያልፍ ትዳሩን ራሱ ማን ይጠብቀው? አንዳችሁ ሽፍት የሚቀይርበትን ጊዜ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ቁማሩን ብዙ አልልሽም። ማሽኑ ካዚኖ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ አስቤዛ የምትገዢበት ሱቅ መግቢያ ላይም ተደርድሯል። ደክሞሽ ከሌሊት ሽፍት ስትወጪ ወተት ለመግዛት ብለሽ አጠገቡ አትቀመጪ። የአገር ሰው ከናፈቀሽ ዲኬተር መንገድ አካባቢ ሂጂ፤ በ2023 አውራጃው ሰፈሩን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። እቁብም ግቢ፤ ለአገር ቤት የምትልኪውን ግን የእቁቡንና የኪራይሽን ካስቀመጥሽ በኋላ ወስኚ።

የዕረፍት ቀን ሲከፋፈል ማክሰኞና ረቡዕ ይደርስሻል። ተቀበዪ። ቅዳሜና እሁድ የቆዩት ነው፤ ለዓመታት አታገኚውም። እስከዚያው የአዘቦት ቅዳሴ የት የት እንዳለ ጠያይቂ፤ ዋዜማውን ቀድመሽ ተኚ፣ ስልክሽንም አጥፊው። ኦን ኮል ከሆንሽ ግን አታጥፊው።