የ45 ሰዓት ምስክርነት



የተከበራችሁ አንባቢያን፣ ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የትራፊክ ፖሊስ እንጂ የዚህ ዓምድ ጉዳይ አይመስልም። አንድ አፍላ ወጣት መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ምን ማሟላት አለበት? የሚል ነው። ይሁንና ጥያቄው ከመኪናው አልፎ ወደ አባት ፊርማ፣ ከፊርማውም አልፎ ወደ ህሊና ስለሚሄድ ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ የገጠመኝ በአሜሪካ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂንያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ታላቅ እህቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው። በአገራችን የቤት መኪና ለመንዳት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። በቨርጂንያ ግን ልጁ 15 ዓመት ከ6 ወር ሲሆነው ተፈትኖ የመለማመጃ ፈቃድ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ 9 ወር ፈቃድ ያለው አዋቂ ከጎኑ ተቀምጦ ይለማመዳል። የራሱን ፈቃድ የሚያገኘው 16 ዓመት ከ3 ወር ሲሞላው ነው። ያኔም ቢሆን 18 ዓመት እስኪሆነው ድረስ፣ ከተወሰኑ ምክንያቶች በስተቀር፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት መንዳት አይችልም። በመጀመሪያው ዓመትም ከቤተሰቡ ውጪ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ከአንድ ሰው በላይ አይጭንም። ጀማሪ ወጣቶች አደጋ የሚበዛባቸው በጨለማና እኩዮቻቸውን በጫኑ ጊዜ መሆኑ በጥናት ስለታወቀ ነው።

ከመስፈርቶቹ ሁሉ እኔን ያስገረመኝ ግን አንዱ ነው። ልጁ 45 ሰዓት፣ ከዚህም ውስጥ 15ቱን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መንዳቱን ወላጁ በፊርማው ማረጋገጥ አለበት።

ጋሼ የምላቸው የእህቴ ባል ታክሲ ያሽከረክራሉ፤ እህቴ በአረጋውያን መጦሪያ በሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። ልጁ 9 ወሩን ሊጨርስ ሲቃረብ በደብተሩ ላይ የተጻፈው 28 ሰዓት ብቻ ነበር፤ ሁሉም የቀን ነው። ጋሼ እስክሪብቶ ካነሱ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ፍረድ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ የጽሑፍ ፈተናውንም አልፏል። እኔ በቀን 12 ሰዓት መሪ ላይ ነኝ። ብፈርም ማንን እጎዳለሁ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ሕጉ ትርፍ ጊዜ ያለውን አባት አስቦ የወጣ ይመስላል። ሌት ተቀን የሚሠራ ስደተኛና ከቢሮ ወጥቶ በ11 ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው እኩል 45 ሰዓት ሲጠየቁ፣ እኩልነቱ የወረቀት ላይ ነው። የጋሼን ድካም የማያይ መካሪ መካሪ አይባልም።

ነገር ግን ቆም ብለን እናስብ። መንግሥት የልጁን እውቀት በፈተና ሊመዝን ይችላል። ዝናብ በጨለማ ሲጥል፣ ከኋላው ያለው መኪና ክላክስ ሲያደርግበት ልጁ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ከጎኑ የተቀመጠው ብቻ ነው። ስለዚህ አባትየውን ምስክር አደረገው።

ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ የየቲም ገንዘብ የያዙ አሳዳጊዎች ልጆቹን እንዲፈትኑ፣ ብስለት ባዩባቸው ጊዜ ገንዘባቸውን እንዲያስረክቡ፣ ሲያስረክቡም ምስክር እንዲያቆሙ ታዘዋል። ዑለማዎች ቡሉግና ሩሽድ ብለው ሁለቱን ለይተው የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። ዕድሜ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ብስለት ግን ታይቶ ነው የሚታወቀው። የጠፋ ገንዘብ ይተካል። ለሚተካው ነገር ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ነፍስ ሊያጠፋ የሚችል ብረት ስናስረክብ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባል?

«ማንን እጎዳለሁ?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ፊርማውን ሳያዩ በፊርማው ተማምነው መንገድ የሚያቋርጡትን ሁሉ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አባቱን በሚያየው ልጅ ላይ ነው። መንዳት በቅጡ ሳይማር፣ ወረቀት ሌላ እውነት ሌላ መሆኑን ከአባቱ ይማራል።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ጊዜውን ከየት ላምጣው?» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። አይፈርሙ ብሎ ዞር ማለት ለማንም ቀላል ነው።

መፍትሔውን ያመጣችው እህቴ ናት። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። መስጊዱ ከቤታቸው በመኪና 20 ደቂቃ ይርቃል። ለኢሻና ለተራዊህ ልጁ እየነዳ ደርሶ መልስ ቢሄዱ በ23 ሌሊት 15ቱ ሰዓት ይሞላል፤ ቀሪዋን 2 ሰዓት ደግሞ በእሑድ። ለጋሼ ግን ያ ሰዓት ተሳፋሪ የሚበዛበት ነው። ኪሳራውን በጣታቸው ቆጠሩና፣ «ይሁን» አሉ። እስክሪብቶውንም ወደ ኪሳቸው መለሱት።

በቨርጂንያ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቋሚ መንጃ ፈቃዱን የሚሰጠው ዳኛ ነው፤ ፍርድ ቤት፣ ወላጁ ባለበት። ጋሼ ከዚያ ሲመለሱ ስልክ ደውለውልኝ፣ «ዳኛው ፊት ስቆም አላፈርኩም፤ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እኛስ እዚህ አገር ቤት ሳይማር እንደተማረ፣ ሳይሠለጥን እንደሠለጠነ ተደርጎ እንዲፈረምልን ስንት ጊዜ ሰው ለምነናል? እኛስ ለስንቱ ፈርመናል? ፊርማ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነትም አማና ነው። ወላሁ አዕለም።