ቆሻሻ ያስገባ ቆሻሻ ያወጣል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኮምፒዩተር ሥራ የምትተዳደሩ ወገኖቻችን «ጋርቤጅ ኢን፣ ጋርቤጅ አውት» የምትሉት አባባል ዛሬ ከመሥሪያ ቤት አልፎ በየቤታችን ይነገራል። ቆሻሻ ያስገባ ቆሻሻ ያወጣል ማለት ነው። መሣሪያው የተሰጠውን ቍጥር በታዘዘው ሥርዓት ያሰላል እንጂ እውነት ይሁን ሐሰት አይመረምርም። የሠራተኛው ደመወዝ 1,000 ሆኖ ሳለ 10,000 ተብሎ ቢጻፍ፣ ግብሩን በ10,000 ልክ አስልቶ ያቀርባል።

አባባሉ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ አሜሪካ ጦር ሠራዊት ኮምፒዩተሮች በጻፈ ጋዜጣ ላይ ይገኛል። አሳቡ ግን ይቀድማል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የተሳሳተ ቍጥር ቢገባበት መሣሪያው ትክክለኛ መልስ ይሰጥ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ መጠየቁን ጽፏል፤ ጠያቂዎቹም የምክር ቤት አባላት ነበሩ!

ለመሣሪያ እውነት ነው። ለሰውስ? ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የቆየ ወጣት በበር ሲገባ፣ «ከዚህ አገር ጎዳና ምን ደኅና ነገር ይወጣል?» እያልን በዚሁ አባባል እንፈርድበታለን። ወላጁም፣ እርሱ ሌሊት ሲሠራ ልጁን ቴሌቪዥን እንዳሳደገው እያሰበ በራሱ ላይ ይፈርዳል። በእርግጥ ልጆቻችን የሚሰሙትና የሚያዩት ሊያሳስበን ይገባል። ነገር ግን ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15፣ ነገሩ የተነሣው ስላልታጠበ እጅ ቢሆንም፣ በሚገባውና በሚወጣው መካከል ልብ እንዳለ አሳይቶናል። ልብ ይመለሳል፤ መሣሪያ ንስሐ አይገባም።

ፈያታዊ ዘየማንን ተመልከቱ። ወደ መስቀል ያደረሰው ወንበዴነቱ ነበር። እንዲያውም በማቴዎስ 27፥44 እንደ ተጻፈው፣ ተሰቅሎ ሳለ እንኳ አስቀድሞ ከጓደኛው ጋር ጌታን ይነቅፍ ነበር። በባቤጅ መሣሪያ ቢሰላ መልሱ የታወቀ ነው። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 23 የጻፈው ግን ሌላ ነው፤ ጓደኛውን ገሠጸ፣ በደሉን አመነ፣ ጌታም በመንግሥቱ እንዲያስበው ለመነ። ቀኑ ሳይመሽ ገነት ተሰጠው። በየዓመቱ በዕለተ ስቅለት ካህናትና ሕዝብ እየሰገድን የምንደጋግመው ልመና የዚህ ወንበዴ ልመና ነው። በበሩ አጠገብ የቆመው ያ ወጣትም በዚያ ዕለት ከእኛ ጋር ይህንኑ ይለምናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።