ስለ ጎረቤት ሥራና ስለ ጎረቤት ዕረፍት

በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ብረት የሚበይድ ጎረቤት ያለው ሰው ኀዘኑን ብዙ ጊዜ ለእኛ ለካህናቱ ይነግረናል። የብረት መቁረጫው እስከ ሌሊት ይጮኻል፤ ሕፃን አይተኛም፤ በሽተኛ አያርፍም፤ ደጁ በብረት ተሞልቶ ሬሳ ለማሳለፍ እንኳ ያስቸግራል። አቤቱታው እውነት ነው፤ አናቃልለውም። ዳሩ ግን «ለራሱስ ነግረኸዋልን?» ብለን ስንጠይቅ ብዙው ዝም ይላል። ለቀበሌ ተናግሯል፤ በዕድር አውርቷል፤ ለባለ ሥራው ግን አልነገረውም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያዘዘን አስቀድሞ ለብቻ መነጋገርን፥ እንቢ ቢል ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይዞ መመለስን ነው።

ስትሄድም እንጀራውን አትንካበት። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላ ቤት ተቀምጦ ድንኳን ይሠራ ነበር። «ቀጥቃጭ» የሚለውንም ስድብ ከአፍህ አርቅ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ እኛ ግን፥ ያሳዝናል፥ ዛሬም ከምላሳችን አላጠፋነውም።

አንተም ባለ ሙያ ሆይ፤ ለልጆችህ መድከምህ የሌላውን ልጅ እንቅልፍ አይመልስም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለ ሀብት በጢስ፥ በሽታ፥ በጩኸትና በመንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል።

በአንድ ሰፈር ለማስታረቅ ገብተን ነበር። ብረት ሠሪው ከግድግዳው ማዶ የታመሙ እናት መተኛታቸውን እስክንነግረው ድረስ አያውቅም ኖሯል። ደነገጠ፤ መቁረጡን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ሊጨርስ ቃል ገባ፤ ብየዳውን ግን ቀጠለ።