ስለ ሐራጅና ስለ ገዢ ኅሊና

መግዛትና መሸጥ ለሰው ልጅ ኑሮ የሚያስፈልግ ሥራ ነውና በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውር የሚሆነው ሻጭ የሚያውቀውን ሲሸሽግ፣ ገዢም ሊያውቀው የሚገባውን ላለመጠየቅ ሲመርጥ ነው። በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳ ገበያ ጥበብ የሚገዛ ሰው ልብሱን ይዘረጋል፣ ጥለቱን ይመረምራል፣ የማን እጅ እንደ ሸመነው ይጠይቃል። ጥንታዊ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ በኢንተርኔት ሐራጅ ሲቀርብ ግን ገዢው ፎቶግራፉንና ዋጋውን እንጂ የሻጩን ፊት አያይም።

በእንዲህ ያለው ሐራጅ ማታለል በብዙ መንገድ ይገባል። አንዳንዱ ሻጭ በሌላ ስም ራሱ እየተጫረተ ዋጋውን ያንራል፤ አንዳንዱም ትናንት የተጻፈውን ብራና በጢስ አጥቍሮ የጥንት ነው ይላል። ለእነዚህ የተጫራቾች መዝገብና የባለሙያ ምርመራ መድኃኒት ይሆናሉ። ከሁለቱ የሚከብደው ግን ዕቃው እውነተኛ፣ ዋጋውም ትክክለኛ ሆኖ ሳለ አመጣጡ ቸል ሲባል ነው።

ለዚህ ምስክራችን መቅደላ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ንብረት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወሰደ፤ በዚያም ሁለት ቀን በሐራጅ ሸጠው። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበረ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ግልጽነት ዋጋን በአደባባይ በመጥራት ብቻ የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ ይህን ሐራጅ ማን በነቀፈው ነበር? ነገር ግን «ዕቃው የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ስላልነበረ፣ አደባባዩ ዝርፊያውን ንግድ አስመሰለው እንጂ ፍትሕ አላደረገውም። ሆምስ ለራሱ ያስቀረው፣ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው የጌታችን ሥዕልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 በለንደን በሐራጅ ተሸጠ።

ይሁን እንጂ ግልጽነት ከንቱ ነው አንልም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት፣ ከመቅደላ የተወሰዱ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ ሲቀርቡ ዝርዝራቸው በይፋ ወጥቶ ነበርና የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ ሽያጩ ቀረ፤ ዕቃዎቹም በ2014 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በኒውካስል ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻም እንዲሁ ከሐራጁ ተነሣ። በስውር ቢሸጡ ኖሮ ማን ያያቸው ነበር?

«ገንዘቤን ከፍዬ ገዛሁ፤ ስርቆቱን አላወቅሁም» የሚል ይኖር ይሆናል። አለማወቅና ለማወቅ አለመፈለግ ግን አንድ አይደሉም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ እንግዲህ ገዢው «የመውጫ ፈቃዱ የት አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ያግደዋል? ሌባ የሚደፍረው የማይጠይቅ ገዢ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

እኛም ጥፋቱን ሁሉ በባዕድ ላይ ጥለን አንረፍ። በመዝገብ ያልሰፈረ፣ ፎቶግራፍ ያልተነሣ ንዋየ ቅድሳት ቢሰረቅ፣ በሐራጅ ላይ ብናየው እንኳ «የእኛ ነው» ለማለት በምን እናስረዳለን? ስለዚህ ባለቤት ይመዝግብ፣ አጫራች አመጣጡን ይግለጥ፣ ገዢም ይጠይቅ። ለአንድ ነጠላ የምናደርገውን ጥያቄ አባቶቻችን ለጻፉት ብራና መንፈግ አይገባንም።