የደም ዋጋ ይበላል?

ለመሆኑ እናት አባቱን የገደለበት ወገን ገንዘብ ቢዘረጋለት፣ ልጅ መቀበል አለበት? ጥያቄው ተራ የሸንጎ ወግ አይምሰለን። አንድ ሕዝብ በሙሉ ተከፋፍሎበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናዚ መንግሥት 6 ሚሊዮን ያህል አይሁዶችን ፈጅቶ በ1945 (እ.ኤ.አ.) ወደቀ። ከተረፉት ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ሌላ ሰው ገብቶበት አገኙት። በፖላንዷ ኬልትሴ ከተማ በጁላይ 1946፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ማለት ነው፣ 42 አይሁዶች ተገደሉ። እንግዲህ ለተረፈው ሰው የቀረችው ነፍሱ ብቻ ነበረች። ቢሆንም ጎጆ መቀለስ፣ ማግባት፣ መውለድ ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ያለ ገንዘብ አይሆንም።

በ1951 የእስራኤል መንግሥት ጀርመን 1.5 ቢሊዮን ዶላር እንድትከፍል ጠየቀ። ስሌቱን ልብ እንበል፦ ለ500,000 ስደተኞች ማቋቋሚያ፣ በነፍስ ወከፍ 3,000 ዶላር። ሟቾቹ በሒሳቡ ውስጥ የሉም።

ሐሳቡ በጃንዋሪ 1952 ለምክር ቤት ሲቀርብ ኢየሩሳሌም ታመሰች። ሰልፈኛው በምክር ቤቱ ላይ ድንጋይ አዘነበ። ተቃውሞውን የመራው ሜናኼም ቤጊን ነበር፤ እናት አባቱንና ወንድሙን ናዚዎች ገድለውበታል። የሱ ክርክር ባጭሩ፣ ገንዘቡን የተቀበለ ከገዳዩ ጋር ታረቀ የሚል ነው። እኛስ ብንሆን ካሳ ተበላ ሲባል ደሙ ደረቀ ማለት አይደል? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን ጉሪዮን በበኩሉ፣ ገዳይ የገደለውን ሰው ሀብት ጭምር ሊወርስ አይገባም አለ። የናቡቴን የወይን እርሻ የሚያስታውስ ሰው ክርክሩ ይገባዋል። በድምፅ 61 ለ50 ቤን ጉሪዮን አሸነፈ። በሴፕቴምበር 1952 ምዕራብ ጀርመን ለእስራኤል 3 ቢሊዮን ማርክ፣ አብዛኛውን በዕቃ፣ ለመክፈል ሉክሰምበርግ ላይ ፈረመች።

ታዲያ እውነቱ የማን ነው? በኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን የተናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። የተዘረፈ ቤት፣ የተዘጋ ሱቅ፣ በግዳጅ የተሠራ ሥራ ባለቤት አለው። ሌባ የሰረቀውን ሲመልስ እግዜር ይስጥህ አይባልም። ነፍስ ግን ሌላ ነው። ስለ ነፍሱ ይቅር ማለት የሚችለው ሟቹ ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሕያው ሰው ቢፈልግ እንኳ ያንን ይቅርታ ሊሸጠው አይችልም፤ የሱ አይደለማ!

ይህን ስል የቤጊን ሥጋት ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። አንዱን ገንዘብ ሁለቱ ወገኖች በሁለት ስም ጠሩት። ጀርመኖቹ «እንደገና ደህና ማድረግ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ያዙ፤ እስራኤላውያን ግን «ሺሉሚም» አሉት፤ ክፍያ፣ በቃ። የስም ጠብ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ነገሩ አልገባውም። ደህና ሆነ የተባለ ነገር ዳግመኛ አይወሳምና።

በግለሰብ ደረጃማ ባሰ። በ1950ዎቹ በወጣው የጀርመን የካሳ ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ሙሉ የእስር ወር 150 ማርክ ተተመነ። በጤናው ላይ ስለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ደግሞ የመሥራት ችሎታው ቢያንስ 25 በመቶ እንደቀነሰ በሐኪም ፊት ማስረዳት ነበረበት። ከሞት ካምፕ የወጣ ሰው ለመታመሙ ማስረጃ ፍለጋ ደጅ ሲጠና አስቡት! ውርደቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በመቀበሉ ሳይሆን በአሰጣጡ።

እንግዲህ ካሳ በቀረበ ቁጥር የምንጠይቀው፣ ተበዳዩ ለምን ወሰደ ብለን አይሁን። ሰጪው ምን ብሎ ሰጠ? በምላሹስ ዝምታ ጠይቋል? ነው ጥያቄው። የተረፈው ይቀበል፣ ቤት ይሥራበት፣ ልጅ ያሳድግበት። በደረሰኙ ላይ ሲፈርም የሚፈርመው ስለ ቤቱ ነው፤ ስለ እናቱ አይደለም።