መቼ ነው የምትሞቀው?

ልጄ፣ አሮጌ መኪና መያዝህን አልነቅፍም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ኮሮላውም ቪትዙም ዕድሜው እየረዘመ ነው፤ ያንተዋንም ካንተ በኋላ ሌላ ሰው ሳይነዳት አይቀርም። ብቻ ሙቀት ስትጨምር አብዛኛው ሰው የሚያደርገውን አታድርግ። ጌጁ ቀዩን ሲነካ ጋራዥ ይገባና «ሞቀችብኝ» ብሎ ቁልፉን ያስረክባል። መካኒኩ ደግሞ የመሰለውን ይቀይራል፤ ዛሬ ተርሞስታት፣ በሳምንቱ የውሃ ፓምፕ፣ ከዚያ ራዲያተር። በመጨረሻ ቴስታታው ይነቀላል። ገንዘቡ ያልቃል፣ መኪናዋ መሞቋን አትተውም።

ቁልፉን ለማንም ከመስጠትህ በፊት አንድ ጥያቄ ራስህ መልስ፦ መቼ ነው የምትሞቀው?

መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆማ ስትሞቅ፣ ወደ ሲኤምሲ መንገዱ ሲለቀቅላት ደግሞ ጌጁ ሲወርድ ካየህ፣ መጀመሪያ ፋኑን ጠርጥር። ስትሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝላታል፤ ስትቆም ግን ነፋስ የሚስብላት ፋኑ ብቻ ነው። ግቢህ ውስጥ አስነስተህ ተዋት። ጌጁ ከመሃል አለፍ ሲል ፋኑ መነሳት አለበት። ካልተነሳና ኤሲዋ የሚሠራ ከሆነ ኤሲውን ክፈት፤ በኤሲ የሚዞረው ያው የራዲያተሩ ፋን ከሆነ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፣ ጥፋቱን ሙቀት ለኪው ሴንሰር፣ ሪሌው ወይም ሽቦው ላይ ፈልግ። ይህን ያወቀ ሰው አዲስ ፋን አይገዛም።

ተቃራኒውም አለ። ከተማ ውስጥ ጤነኛ ሆና ከርማ፣ ከአዳማ በፍጥነት መንገዱ ስትመለስ ጌጁ መውጣት ይጀምራል። አዳማ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ያን ሁሉ ዳገት ሰውና ዕቃ ጭና በፍጥነት ትወጣለች ማለት ነው። ነፋስ አልጎደላትም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድላት የውሃ ዝውውር ነው። ራዲያተሩ በውስጡ በዝገትና በደለል ተደፍኖ ይሆናል፤ ቺንጋው ላልቶ ይሆናል፤ የፓምፑ ክንፍ ተበልቶ ይሆናል። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ፋኑ በድንገት እንዳይነሳ የባትሪውን ገመድ ካላቀቅህ በኋላ፣ የራዲያተሩን ፊት በመዳፍህ ዳስስ። አንዱ ቦታ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ተደፍኗል። ጎሮ ወይም አያት በኩል ግንባታ ባለበት የምትውል ከሆነ ደግሞ በውጭም እይ፤ አቧራና ጭቃ በኤሲው ራዲያተርና በውሃው ራዲያተር መካከል ገብቶ ይጋገራል። ላቫጆ ስታሳጥባት ያን ኃይለኛ ውሃ በቅርብ አይተኩሱባት፣ ስሱን ቆርቆሮ ያጣጥፈዋል።

ገና ከመነሳትዋ፣ ሰፈር ሳትለቅ የምትሞቅ ከሆነ ተርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የላይኛው ቱቦ ሲያቃጥል የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጌጁ ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ቢወርድ ደስ አይበልህ። ውሃው አልቆ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወዲያው አጥፋት።

አሁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ታገሠኝ፣ ብዙ ሰው ስለሚንቀው ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። የብዙ ቶዮታዎች ተርሞስታት በ82 ገደማ መከፈት ይጀምራል፤ የብዙ አሮጌ ኮሮላዎች ፋን የሚነሳው ደግሞ በ93 ግድም ነው። እንግዲህ አስላው። ግፊት ካልታመቀ በስተቀር ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል። ግፊቱን አምቆ የሚይዘው ክዳኑ ነው፤ እናትህ ባቄላ የምትቀቅልበት በግፊት የሚያበስል ድስት እንደሚያደርገው ማለት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለህ። 0.9 የሚለው በደንብ ከያዘ እዚሁ አዲስ አበባ የውሃውን መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ግድም ያደርሰዋል። ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መኪናዋ ትፈላለች፣ የመጠባበቂያው ጣሳም ሞልቶ ይፈሳል። በዚህ ምክንያት ብቻ ቴስታታው የተነቀለ መኪና ጥቂት አይደለም። መጀመሪያ የሚለወጠው ከሁሉም ርካሹ፣ ክዳኑ ይሁን። ቁጥሩ መኪናዋ ከምትፈልገው ጋር አንድ መሆኑን ሳታይ አትግዛ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ለአሮጌ ቱቦና ለአሮጌ ራዲያተር አይበጅም።

ከፍታው ሌላም ቦታ ያታልላል። በስልክህ የምታያቸው ቪዲዮዎች ተርሞስታቱን በድስት ቀቅለህ ፈትን ይሉሃል። ምክሩ ትክክል ነው፣ ግን የተቀረጸው ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት አገር ነው። በ82 መከፈት የጀመረ ተርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ገደማ ላይ ነው፤ ያንተ ድስት ደግሞ 92 ላይ ያበቃል። ስለዚህ አጋማሽ ድረስ ተከፍቶ ቢቆም ተበላሽቷል ብለህ አትጣለው።

«አዲስ አበባ ተርሞስታት አያስፈልግም፣ አውጥተን እንጣለው» የሚል መካኒክ ከገጠመህ አመስግነህ ውጣ። በሐምሌ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ይባስ ብሎ በብዙ ሞተሮች ላይ ተርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውሃ መንገድ ይዘጋል። ከወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ የተደረገው ነገር ያሞቃታል።

የቧንቧ ውሃ መሙላትም ተው። የጉድጓድ ውሃ በሚደርስበት ሰፈር ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት አይተህ ይሆናል፤ ያው በሞተሩ ውስጥም ይጋገራል። ኩላንት ግዛ፤ ካልተበረዘው ዓይነት ከሆነ ለባትሪ ከሚሸጠው የተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅል። አሲዱን አላልኩህም፣ አደራ።

የጥንቷን ቮልስ የሚነዳ ጓደኛ ካለህ ከዚህ አብዛኛው አይመለከተውም፣ እሷ ራዲያተርም የላትም። ግን ዲናሞዋንም የማቀዝቀዣ ፋኗንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቀዩ የቻርጅ መብራት ከበራበት ባትሪ ነው ብሎ አይንዳ፣ ይቁም።

የሚያስፈራው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፤ እሱም ቢሆን ምልክት አለው። ውሃው መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ ይጎድላል። በጭስ ማውጫው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ይወጣል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ጠዋት በቀዝቃዛው ክዳኑን ከፍተህ ስታስነሳት ውሃው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ይፈላል። ከእነዚህ አንዱንም ሳታይ መካኒኩ ቴስታታ ይነቀል ካለህ ሌላ ሰው ጠይቅ። አይተህ ከሆነ ደግሞ አትንዳት፤ ቴስታታው ይጣመምና የቶርኖ ቤት ወጪ ይጨምርብሃል፣ ሲብስም ሞተሩ ይነክሳል።

መንገድ ላይ ከሞቀችብህ ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ መስኮቱን አውርድና ጥግ ይዘህ አቁማት። ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ጥቂት ሙቀት ይወስድላታል። ልጆች ሃይላንድ ውሃ ይዘው ቢመጡም ክዳኑን አታስከፍት፤ የታመቀው ውሃ ፊት ያቃጥላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ የጋለ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ጠብቅ፤ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨመቅ ከላላልህ በኋላ ብቻ በጨርቅ ይዘህ ቀስ እያልክ ክፈት።

ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሳ ክዳኑን ንቀልና ላስቲኩን እይ። ደርቆ ካገኘኸው ሌላ ነገር ሳታስነካ እሱን ቀይር።