«ምን ነበረበት?»
ስለ ቤት መንጻትና ስለ ኅሊና መንጻት



በመርካቶ በምናለሽ ተራ በኩል ያለፈ ሰው የመዶሻው ድምፅ ከጆሮው በቶሎ አይጠፋም። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ በርሜልና ጀሪካን በዚያ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በርሜሉ ተቆርጦና ተዘርግቶ ምድጃ ወይም ሣጥን ይሆናል፤ ያልተቆረጠውም ለውሃ ማጠራቀሚያ ይሸጣል። ይህ በላብ የሚገኝ ክቡር እንጀራ ነው፤ ሌላው የጣለውን አንሥቶ ለጥቅም የሚያበቃ እጅ የተባረከ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባት ከተማ በርሜል የምትገዛ እናት ግን ገንዘቧን ከመቍጠሯ በፊት ጐንበስ ብላ ታሸታለች፤ ከዚያም «ምን ነበረበት?» ብላ ትጠይቃለች። ነጋዴውም «ዘይት ነው እናቴ፤ ታጥቧል» ይላታል። ብዙ ጊዜ ሊያታልላት ፈልጎ አይደለም፤ ለእርሱም የነገረው የለምና። እርሱ ከቁራሌው ገዛ፤ ቁራሌው ከዘበኛ ገዛ፤ ዘበኛውም ከመጋዘን ጥግ አገኘው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በርሜሉ ደረሰ፤ እውነቱ ግን በመንገድ ቀረ። መርዝ የነበረበት ዕቃ ደግሞ ምንም ያህል ቢታጠብ ለሚጠጣና ለሚበላ ነገር አይሆንም።

የዚያች እናት ጥያቄ አገርም ስለ ራስዋ ልትጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። አንበጣን፣ ተምችንና የወባ ትንኝን ለመከላከል ለብዙ ዐሠርተ ዓመታት የተባይ ማጥፊያ ኬሚካሎች በግዢም በእርዳታም ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ከሚፈለገው በላይ የመጣው፣ ዘግይቶ የደረሰው፣ እንደ ዲየልድሪን ያለውም አደገኛነቱ ታውቆ ከጥቅም ውጭ የሆነው በየመጋዘኑ ተከማችቶ ቀረ። ያስመጡት ሰዎች ተዛወሩ፤ መዝገቡ ጠፋ፤ በርሜሉ ዛገ፤ መርዙም በወለሉ ላይ ፈስሶ ወደ አፈሩ ዘለቀ። በሩ ተዘግቶ ስለ ነበረ ብቻ ብዙዎች ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ከቍጥር 33 ጀምሮ፣ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል የምናልፈው አንድ ሕግ አለ፤ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ የተሰጠ ሕግ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። አስቀድሞ የቤቱ ባለቤት ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ ይናገራል፤ ሌላ ሰው እስኪከሰው ድረስ አይጠብቅም። ካህኑም ከመግባቱ በፊት በቤቱ ያለው ዕቃ እንዲወጣ ያዝዛል፤ መርምሮም ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ተመልሶም ያያል። ደዌው ሰፍቶ ከሆነ የተበከሉት ድንጋዮች ተነቅለው፣ ግድግዳውም ተፍቆ ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ በቦታውም ሌላ ድንጋይ ይገባል፤ ቤቱም እንደ ገና ይመረጋል። ደዌው ዳግመኛ ከወጣ ግን ቤቱ ይፈርሳል። በዚህ ሕግ ውስጥ በላዩ ላይ ኖራ ቀብቶ ማለፍ የሚባል ነገር የለም።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር በመሆን የመጋዘኖቹን ይዞታ አስመረመረ፤ አሜሪካ፣ ስዊድንና ኔዘርላንድስም በገንዘብ ረዱ። በመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ከ200 ከሚበልጡ ቦታዎች ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ ያረጀ ኬሚካል ተሰብስቦ ፊንላንድ ወደሚገኝ ለዚሁ ወደ ተሠራ ማቃጠያ ተላከ፤ በዚያም በከፍተኛ ሙቀት እንዲጠፋ ተደረገ። ሥራው ከዚያም በኋላ በሌሎች ምዕራፎች ቀጥሏል። ሠራተኞቹ የመከላከያ ልብስና ጭንብል አድርገው የሚያፈሰውን በርሜል በአዲስ ዕቃ አሽገውታል፤ በእያንዳንዱም ላይ በውስጡ ያለው ነገር ተጽፎበታል። ያቺ እናት የጠየቀችው ጥያቄ በዚያ መልስ አገኘ።

ይህን የምናወሳው ሥራው ሁሉ ተፈጽሟል ለማለት አይደለም። መርዙ ከተነሣም በኋላ የተበከለው አፈርና ባዶው ዕቃ ሌላ ሥራ ይጠይቃሉ። የምናወሳው አንድን ነገር ከዓይን ማራቅና አንድን ነገር ማንጻት ፈጽሞ የተለያዩ መሆናቸውን ስለሚያሳየን ነው።

ልዩነቱን አዲስ አበባ በሐዘን ተምራዋለች። ከመርካቶና ከየሰፈሩ የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተጣለው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ በረጲ፣ ቆሼ ተብሎ በሚጠራው ስፍራ ነው። በመጀመሪያ ስፍራው ከከተማ ውጭ ነበረ፤ ከተማዋ ሰፍታ ደረሰችበት እንጂ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደረገ፤ የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ግን ስለ ውሃቸውና ስለ ከብቶቻቸው ጮኹ፤ በወራት ውስጥም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም፣ የቆሻሻው ተራራ በምሽት ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ከሥሩ ሞቱ። እኛ «ከከተማ ውጭ» ብለን በጠራነው ስፍራ እናቶችና ሕፃናት ይኖሩ ነበር።

ወዳጆች ሆይ፤ ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት በምዕራፍ 13 ከቍጥር 11 እስከ 13 እንደ ተጻፈው፣ ጌታችን መከራን የተቀበለው ከከተማው በር ውጭ ነው፤ እኛም ወደ እርሱ እንድንወጣ ተጠርተናል። የኦሪቱ ቤት ድንጋይ የተጣለው ከከተማ ውጭ ነበር፤ መድኃኔ ዓለምም የተሰቀለው ከከተማ ውጭ ነው። እንግዲህ የጣልነው ነገር በሚያርፍበት ስፍራ የሚኖረውን ድኻ ሳናስብ «ቤቴ ጸድቷል» የምንል ከሆነ፣ የወረወርነው በክርስቶስ ላይ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ያስተማሩን ይህንኑ ነው፦ የፍጥረት ጕዳትና የድኻ ጕዳት አይነጣጠሉም።

ይህ ሁሉ ወደ ምሥጢረ ንስሐ ይመልሰናል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ብዙዎቻችን በልባችን ውስጥ የተዘጋ መጋዘን አለን፤ ከወንድም ጋር የቆየ ቂም፣ ያልተመለሰ ገንዘብ፣ በሚዛን የተሠራ በደል። ቍልፉን ይዘን ዓመታት ስላለፉ ያለቀ ይመስለናል፤ መርዙ ግን በዝምታ ወደ ልጆቻችን ውሃ ይደርሳል። ኅሊናን መመርመር መጋዘኑን ከፍቶ መቍጠር ነው። መናዘዝ በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ስሙን መጻፍ ነው፤ «ጥቂት ነገር ነበረብኝ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ካሣም እስከ መጨረሻ ማድረስ ነው፤ ዘኬዎስ በደሉን ካመነ በኋላ አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ። የእግዚአብሔር ይቅርታ ነውራችንን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አያዛውረውም፤ ያጠፋዋል እንጂ።

ስለዚህ በመርካቶ የምትነግዱ ልጆቻችን ሆይ፤ የዕቃውን ታሪክ ጠይቃችሁ ግዙ፤ የማታውቁትን «ታጥቧል» አትበሉ፤ የኬሚካል ዕቃ መሆኑን ያወቃችሁትን ለውሃና ለእህል አትሽጡ። ትርፉ ቢቀር የአንዲት እናት ቤት ይተርፋል። ገበሬዎችና የመጋዘን ኃላፊዎች ሆይ፤ ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ማንም ዳግመኛ እንዳይጠቀምበት ሳትበሱት ከእጃችሁ አይውጣ፤ ፀረ ተባይንም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃን ስያሜ አያነብምና። በመንግሥት ሥራ ያላችሁም፣ ያገኛችሁትን የተረሳ መጋዘን ዘግታችሁ አትለፉ፤ እንደ ኦሪቱ ባለቤት ሄዳችሁ ተናገሩ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ይህን ምዕራፍ ለልጆች አንብቡላቸው፤ በቤታቸው ያለው የውሃ ዕቃ ምን እንደ ነበረበት ወላጆቻቸውን እንዲጠይቁም አድርጉ።

እኛ ካህናትም ከዚህ አንወጣም። በኦሪቱ ሕግ ካህኑ በደጅ ቆሞ አልፈረደም፤ ገብቶ አየ፣ ተመልሶም ዳግመኛ አየ። በየቁምስናችን ሕዝባችን የሚኖርበትን ቤትና የሚጠጣውን ውሃ ሳናይ ስለ ንጽሕና ብንሰብክ ቃላችን ባዶ በርሜል ይሆናል፤ ድምፁ ይበዛል፣ በውስጡ ግን ምንም የለም።

ከከተማ ውጭ ስለ እኛ የተሠዋ ጌታ የተዘጋውን ልባችንን ይክፈት፤ የተደበቀውን መርዝ በምሕረቱ እሳት ያጥፋ፤ በቆሼ ያረፉትን ነፍሳት በመንግሥቱ ይቀበል፤ በሌሎች ጥራጊ መካከል እንጀራቸውን የሚፈልጉትን ሁሉ ይጠብቅ። አሜን።